ዝናብ የማያጣው አገር ምን ያሰጋዋል?

ጎጃም ዝናብ አያጣም ይባላል። እውነት ነው፤ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ገበዝ ማርያምና ዙሪያቸው ያለው ገጠር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት፣ በመንግሥት ሰነድ «ትርፍ አምራች» የሚባል ምድር ነው። የአየር ንብረት ነገር በተነሣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ዋግ ኽምራ ወይም ስለ ሶማሌ ክልል ይሆንና ምዕራብ ጎጃም ይዘለላል። የዚህ አገር ገበሬ ግን ግንቦት ሲጋመስ እንደ ሌላው ሁሉ ዓይኑን ሰማይ ላይ ይተክላል። ይዘንባል አይዘንብም ብሎ አይጨነቅም፤ የሚያስጨንቀው መቼ ገብቶ፣ መሐል ላይ ስንት ቀን አቋርጦ፣ መቼ እንደሚወጣ ነው።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። የምዕራብ ጎጃም ክረምት ከዚህ ይረዝማል፤ ግንቦት ላይ ጀምሮ ጥቅምትን ይነካል። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትዘልቅ የዝናብ ቀበቶው ይከተላታል፤ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ፣ ከኮንጎ ተፋሰስና ከሕንድ ውቅያኖስ የተነሣው እርጥብ አየርም ወደ ደጋው ይገፋል። ዝናቡ ከደቡብ ምዕራብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚጓዝ ጎጃም ከወሎ ቀድሞ ይቀበለዋል፤ ሲመለስም ዘግይቶ ይሸኘዋል።

ታዲያ ይህ ረጅም ክረምት ለምን አይበቃም? በቆሎን እንይ። ቢኤች 660 የሚባለው ዝርያ ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ግንቦት 28 የተዘራው ኅዳር 3 ይደርሳል። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ለሰኔ ሚካኤል የተዘራው ግን ኅዳር 17 ነው የሚደርሰው፤ ፍሬው መሙላት ሲጀምር ዝናቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ክረምቱ የዘገየበት ሰው በ145 ቀን ገደማ ወደሚደርሰው ቢኤች 540 ይዞራል፣ ወይም በቆሎውን ትቶ ማሳውን ሐምሌ ላይ ለሚዘራው ጤፍ ያቆየዋል። ይህን ለማድረግ ግን ዘሩም ማዳበሪያውም በእጅ መኖር አለበት፤ ሁለቱም የሚታዘዙት ሰማዩ ምን እንዳሰበ ሳይታወቅ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ብዙ ወረዳዎች ሰኔ ገብቶ ማዳበሪያ ሲጠፋ ዝናቡ በሰዓቱ መምጣቱ ብቻውን ምን ያህል እንደሚረባ ታይቷል።

ከዘገየው ዝናብ ይልቅ የሚያከስረው አታላዩ ዝናብ ነው። ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ይጥልና መሬቱን ያርሳል፤ ሰው ይዘራል፤ ቡቃያው ብቅ ሲል ሰማዩ ይዘጋል። ባለሙያዎች ክረምቱ ገባ ለማለት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት መለኪያ፣ በተከታታይ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡና በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ከአሥር ቀን የበለጠ ድርቀት አለመከተሉ ነው። ጥሩ መለኪያ ነው፤ ግን መልሱ የሚገኘው ከወር በኋላ ነው። ያን ጊዜ ገበሬው ወይ አርሞ ላይ ነው፣ ወይ ሁለተኛ ዘር ሊገዛ ገበያ ወርዷል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በ1973 ዓ.ም. ተቋቁሞ ስሙ ሲለዋወጥ የኖረው መሥሪያ ቤት፣ በዓመት ሦስት ጊዜ የወቅት ትንበያ ያወጣል፦ ለበጋ፣ ለበልግ፣ ለክረምት። ትንበያው ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ይናገራል። ለአገር ዕቅድ ይጠቅማል። በ2007 ክረምት ኤልኒኞ ዝናቡን ሲያዳክም፣ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ቁጥር 10.2 ሚሊዮን እስኪደርስ ድረስ ምሥራቁን ሲመታ፣ እንዲህ ያለው ትንበያ ምን ዋጋ እንዳለው ማንም አልተከራከረም። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ላለው ለጃቢ ጠህናን ወረዳ ገበሬ ግን የአራት ወር ድምር ብዙም አይነግረውም። ሰኔ ደርቆ ነሐሴ ቢያጥለቀልቅ ድምሩ «መደበኛ» ነው። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው በየአሥር ቀኑ የሚወጣውን መረጃ ነው፤ በሰዓቱ በሬዲዮም በቀበሌው የግብርና ባለሙያም በኩል ከደረሰ፣ ዘር ልጣል ወይስ ልቆይ ለሚለው ጥያቄ የሚቀርበው እሱ ነው።

ዝናብ መብዛቱ ራሱ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚጠየቅ ዕዳ አለው። በቀዩ አፈር ውስጥ በየክረምቱ ወደ ታች የሚሰርገው ውኃ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ አፈሩ እየኮመጠጠ፣ በባለሙያ ቋንቋ አሲዳማ እየሆነ ይሄዳል። ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ያቀጭጨዋል፤ ፎስፈረሱንም አንቆ ስለሚይዘው የተጨመረው ማዳበሪያ ሳይበላ ይቀራል። ገብስና ባቄላ ቀድመው እጅ ይሰጣሉ፤ ድንችና ጤፍ የተሻለ ይችሉታል። ጎረቤት አዊ፣ ፋግታ ለኮማ ላይ ብዙ ገበሬ ማሳውን ለዲከረንስ ዛፍ ሰጥቶ ከሰል ወደ መሸጥ የገባበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ የኖራ ድንጋዩም ሩቅ አይደለም፣ የዓባይ ሸለቆ ሞልቶታል። ችግሩ ክብደቱ ነው። ማዳበሪያ በሄክታር በጥቂት ኩንታል ሲቆጠር ኖራ እንደ አፈሩ ሁኔታ ከ20 እስከ 40 ኩንታል ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህን ያህል ጭነት መኪና ወደማይገባበት ማሳ የሚያደርሰው አህያ ነው።

የመጨረሻው ፈተና የሚመጣው ሁሉም አለቀ ሲባል ነው። የቡሬ በርበሬ ችግኙ በክረምቱ መግቢያ ከመደቡ ተነሥቶ ይተከላል፤ ውኃ ካቆረበት ሥር አበስብስ ይፈጀዋል፤ ከዚያ የተረፈው ቀልቶ ተለቅሞ ጥቅምትና ኅዳር ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ጤፉም ያኔ ታጭዶ ነዶው ሜዳ ላይ ነው። ሬዲዮው የደረሰ ሰብል ቶሎ ይሰብሰብ ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ደቦ ይጠራል፣ ግን ያ ሁሉ ማሳ በአንድ ሳምንት አይነሣም። ሁለት ቀን ብቻ ቢዘንብ በርበሬው ይሻግታል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ነጋዴውም ይህን አይቶ ዋጋውን ይቆርጣል። የሁለቱ ቀን ዝናብ ግን ከዓመቱ ሚሊ ሜትር ላይ ተደምሮ ይመዘገባል።