የመኪና በር ላስቲክ ትንሽ ነገር አይደለም

ባለፈው ዓመት ሕመምተኞች ጭነን ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ፣ ከኋላ የተቀመጡ ሁለት እናቶች ራሳቸውን አመማቸው፤ አስመለሳቸውም። ሹፌራችንና እኔ ምክንያቱ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ይሆናል ብለን ጉዟችንን ቀጠልን። ኩልፎ ወንዝ ዳር ቆመን የኋላውን በር ስንከፍት ግን በዙሪያው ያለው ላስቲክ አንድ ስንዝር ያህል ተቦጭቆ፣ የበሩም ጠርዝ በጥላሸት ጠቁሮ አገኘነው። እናቶቹ ሲተነፍሱ የመጡት የመኪናችንን ጢስ ነበር። ንጹሕ አየር ሲያገኙ ተሻላቸው፤ እኛ ግን ትምህርት አገኘንበት።

ጋራዦች ጎሚኒ እያሉ የሚጠሩት ይህ ላስቲክ ውስጡ ባዶ ነው። በሩ ሲዘጋ ታምቆ ክፍተቱን ይሞላል፤ በሩንም መልሶ ስለሚገፋው ከመቆለፊያው ጋር አጥብቆ ይይዘዋል። ሲያረጅ ይደርቃል፤ እንደ ተጨፈለቀም ይቀራል። ያን ጊዜ በሩ በጠጠር መንገድ ላይ ይንኳኳል።

መኪና ሲሮጥ በጎኑ የሚያልፈው አየር ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ የበሩ የላይኛው ጠርዝ ወደ ውጭ ይሳባል፤ በጠባቡ ክፍተትም ነፋስ ያፏጫል። ሹፌሩ በዚህ ጩኸት ይደክማል፤ ከኋላ የሚጠራውንም ሰው አይሰማም። በመኪናው ጀርባ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ አቧራውና ጢሱ ወደዚያ ይመለሳሉ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው ባለ 70 ቁጥር ላንድክሩዘር፣ በተለይም ከኋላ ሁለት በር ባለው ረጅሙ ዓይነት፣ በሮቹ የሚገናኙበት መካከለኛው መስመር በደንብ መታየት አለበት። በጢስ ውስጥ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ እንዳለ ልብ እንበል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ እንፈትሽ። ቁራጭ ወረቀት በላስቲኩ ላይ አድርጎ በሩን መዝጋትና ወረቀቱን መጎተት ነው። ሳይያዝ ከወጣ፣ በዚያ ቦታ ላስቲኩ አይነካም ማለት ነው። ይህን በየስንዝሩ መድገም ያስፈልጋል። ማታም አንዱ ውስጥ ሆኖ ባትሪ ቢያበራ ሌላው ከውጭ ክፍተቱን ያያል።

ሁለተኛ፦ ላስቲክ ከመግዛታችን በፊት በሩን እናስተካክል። በሩን ከፍተን ወደ ላይ ስናነሣው ከተነቃነቀ ማጠፊያው ተበልቷል። ማጠፊያው ደህና ከሆነ መቆለፊያው የሚነክሰውን ብረት ጥቂት ወደ ውስጥ ማስጠጋት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አስቀድሞ ግን የነበረበትን ቦታ በእርሳስ ማመልከት ይገባል።

ሦስተኛ፦ በሳሙናና በውሃ እንጠበው። ቤንዚን፣ ናፍጣና ግሪስ አይንካው፤ የዛሬ የበር ላስቲኮች ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይላላሉም። ከደረቀ በኋላ ሲሊኮን ወይም ግሊሰሪን ስስ አድርጎ መቀባት ለስላሳነቱን ይጠብቃል።

አራተኛ፦ የተቀደደውን እንለውጥ። የድሮውን ማስቲሽ ፍቀን፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽድተን አዲሱን እንለጥፍ። በማዕዘን ላይ ላስቲኩን መሳብ አይገባም፤ የተሳበ ላስቲክ ተመልሶ ያጥርና ክፍተት ይተዋል። በበሩ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም መድፈን አያስፈልግም፤ በሩ ከውስጥ ይዝጋልና።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ወፍራም ላስቲክ ይሻላል ብሎ መደረብ አደገኛ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ጋራዥ እንዲህ ተደርጎልን፣ መቆለፊያው የመጀመሪያውን ጥርስ ብቻ ይዞ ኖሮ በሩ ዳገት ላይ ተከፈተ። በር ሲዘጋ ሁለት ጊዜ ቀጭ ማለት አለበት።

ላስቲኩ እስኪለወጥ ድረስ የኋላ መስኮት አይከፈት። የፊት አየር ማስገቢያው ይከፈት፤ ማራገቢያውም ይሥራ፤ የውስጡ ግፊት ከፍ ሲል አቧራና ጢስ የሚገቡት ይቀንሳሉ። ማርሚታውም ቀዳዳ እንደሌለው ይታይ። ተሳፋሪ ራሴን አመመኝ ቢል በመንገዱ ማሳበብ ትተን ወዲያው እንቁም፤ በሮቹንም እንክፈት።

ውድ የፕሮጀክት ባልደረቦች፣ ዘይት በምትለውጡበት ቀን ሁሉ ያችን ቁራጭ ወረቀት ያዙ። የጉባኤ አባላትም ስትሳፈሩ ከኋላ አቧራ ወይም ጢስ ብታዩ ሹፌሩን ለመንገር አትፈሩ። እኛ ከፊት የተቀመጥነው አላየንም ነበርና።