የአረጋውያን ጕልበትና የዘር ውርስ

በቋንቋችን ጕልበት የሚለው ቃል የእግርን መታጠፊያም ኀይልንም ባንድነት ይጠራል። ይህ ስያሜ ያለ ነገር የመጣ አይመስለንም፤ ሰው ሲያረጅ ከክንዱ ይልቅ የእግሩ ኀይል ፈጥኖ ይቀንሳልና። ከዱካ ለመነሣት፥ ደረጃ ለመውጣት፥ ሲደናቀፉም ሳይወድቁ ለመቆም በተለይ የሚያስፈልገው ጕልበትን የሚዘረጋው የጭን ፊት ጡንቻ ነው። ታዲያ ዕድሜአቸው እኩል ከሆነ ሁለት አረጋውያን አንዱ ያለ ምርኩዝ ሲሄድ፥ ሌላው ከመቀመጫው ለመነሣት ሰው የሚሻው ለምንድር ነው? ብዙ ሰው «የዘሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ መልስ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ነው።

የዘርን ድርሻ ለመለየት የተመቹት መንትዮች ናቸው። ከአንድ ዕንቁላል የተገኙት ውርሳቸው አንድ ነው፤ ከሁለት ዕንቁላል የተገኙት ግን እንደ ማናቸውም ወንድማማች በአማካይ ግማሹን ብቻ ይጋራሉ። ስለዚህ የፊተኞቹ ከኋለኞቹ ይልቅ በኀይል የሚመሳሰሉ ቢሆን፥ የዘር እጅ አለበት ይባላል። በፊንላንድ ዕድሜአቸው ከ63 እስከ 76 ዓመት የሆኑ ከ200 ጥንድ የሚበልጡ መንታ ሴቶች በዚህ መንገድ ተመርምረው፥ በእግር ኀይል ከታየው ልዩነት ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚያህለው ከዘር የመጣ እንደ ሆነ ተገምቷል።

እዚህ ላይ ግን እኛ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የምንስተው ነገር አለ። «ግማሹ» ሲባል የአንዲት አሮጊት ኀይል ግማሹ ከወላጆቿ፥ ግማሹ ከኑሮዋ ነው ማለት አይደለም። ቍጥሩ የሚናገረው በዚያ ሕዝብ ውስጥ ሰው ከሰው ስለሚለይበት መጠን ብቻ ነው። ምግቡና ሕክምናው ለሁሉ በተቀራረበበት አገር የኑሮ ልዩነት ስለሚጠብ የዘር ድርሻ ጐልቶ ይታያል። አንዱ ውሃ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ሌላው በወንበር ላይ በሚውልበት አገር ቍጥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። የፊንላንድን ስሌት ወስዶ የመንዝን ሽማግሌ መመዘን አይገባም።

ከጂኖቹ መካከል ስሙ የገነነው ኤሲቲኤን3 የተባለው ነው። ይህ ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን የሚገኘው ቶሎ በሚኰማተሩት የጡንቻ ክሮች ውስጥ ነው፤ በእርጅና ይበልጥ የሚመነምኑትም እነዚሁ ክሮች ናቸው። ጂኑን ከአባትም ከእናትም ተሰናክሎ የወረሰ ሰው ፕሮቲኑ ፈጽሞ የለውም፤ ሆኖም በሽተኛ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 በታተመ ጥናት እንዲህ ያሉት ሰዎች በኬንያና በናይጄሪያ ከመቶ 1 ያህል፥ በኢትዮጵያ ግን ከመቶ 11 ያህል ሆነው ተገኝተዋል። የረጅም ርቀት ሯጮቻችን ምሥጢር ከዚህ ይሆን ተብሎ ቢፈተሽም፥ በሯጮቹና በሌላው ሕዝብ መካከል ልዩነት አልታየም። በአረጋውያን ላይ የተደረጉትም ምርመራዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። በእኛ አስተያየት አንድ «የጕልበት ጂን» መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ውርሱ የብዙ ጂኖች ጥቃቅን ድርሻ ድምር ነውና።

ደግሞም የተወረሰ ነገር ሁሉ የማይለወጥ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990 በታተመ ጥናት፥ በቦስቶን ከተማ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ፥ ዕድሜአቸው 90 ዓመት ገደማ የሆነ 10 ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ከባድ ሸክም የማንሣት ልምምድ ጀመሩ። ልምምዱን የፈጸሙት 9 ሲሆኑ፥ የእግራቸው ኀይል በአማካይ በ174 ከመቶ ጨመረ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የወረሱት ዘር ያው ነበር። ከመካከላቸው ሁለቱ ምርኩዛቸውን ተዉ።