ከበሩ ያልወጡት

«ኪንግደም ኦፍ ሄቨን» ሪድሊ ስኮት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ለሲኒማ ያበቃው የጦርነት ፊልም ነው። በመስቀል ጦረኞች እጅ የነበረችው ኢየሩሳሌም በ1187 ለሙስሊሙ ሱልጣን ለሰላሃዲን እንዴት እንደተሰጠች ይተርካል።

ባለታሪኩ ባሊያን በፊልሙ ሚስቱ የሞተችበት ፈረንሳዊ ብረት ቀጥቃጭ ነው። እውነተኛው ባሊያን ግን በዚያው በምሥራቁ ምድር ርስት ከነበረው የመኳንንት ቤት የተወለደ፣ የንጉሥ መበለት ያገባ ጎልማሳ ነበር። ከልዕልት ሲቢላ ጋር የሚታየው ፍቅርም ፈጠራ ነው፤ ሲቢላ የሚስቱ የእንጀራ ልጅ ነበረች።

ሥጋ ደዌ የያዘው ወጣቱ የኢየሩሳሌም ንጉሥ፣ ባልድዊን አራተኛ፣ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። ሕመሙን በልጅነቱ ያስተዋለው መምህሩ ነበር። ልጆች እየተጫወቱ ክንዳቸውን ሲቆናጠጡ ሌሎቹ ይጮኻሉ፤ ባልድዊን ግን ምንም አይሰማውም። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ደራሲ ከልቡ አንቅቶ አይጽፈውም።

ፊልሙ ለታሪክ በጣም ታማኝ የሆነው የመስቀል ጦረኞቹ ከተሸነፉበት ከሐቲን ጦርነት በኋላ ባለው የድንኳን ትዕይንት ነው። ከባልድዊን በኋላ የነገሠው፣ ውኃ ተጠምቶ የተሸነፈው ንጉሥ ጊ ከሰላሃዲን እጅ ቀዝቃዛ መጠጥ ይቀበልና አብሮት ለተማረከው መኳንንት ለሬናልድ ያሳልፈዋል። በዘመኑ ልማድ ከማራኪው እጅ የጠጣ ምርኮኛ አይገደልም። ለሬናልድ ግን ሰላሃዲን አልሰጠውም፤ አንገቱን ቀላው። ሶርያዊው ተዋናይ ጋሳን ማስኡድ ይህን ሲጫወት ቁጣውን በዝምታ ይዞ ነውና ዓይን ከእርሱ አይነቀልም።

እኔን የሚከፋኝ መጨረሻው ነው። በፊልሙ ሰላሃዲን ሕዝቡን ሁሉ በደኅና ይሸኛል። በታሪክ ምሕረቱ ዋጋ ነበረው፦ ለወንድ 10 ዲናር፣ ለሴት 5። ባሊያንም ወደዚህ ስምምነት የደረሰው ሙስሊም እስረኞችን እገድላለሁ፣ የተቀደሱ ስፍራዎቻችሁን አፈርሳለሁ ብሎ ዝቶ ነው። ከዚያ 30,000 ዲናር ተሰብስቦ 7,000 ያህል ድሆች ተዋጁ። የሰላሃዲን ወንድም አል-አዲል 1,000 ሰዎች እንዲሰጡት ጠይቆ ነፃ ለቀቃቸው። የከተማዋ ፓትርያርክ የራሱን 10 ዲናር ከፍሎ ሀብቱን አስጭኖ ወጣ። ገንዘብ ያጡ ሺዎች ለባርነት ተነዱ።

የፊልሙ ትልቅ ጥያቄ በጦርነት መካከል ደግ ሰው መሆን ይቻላል ወይ የሚል ነው። ታሪኩ ደግነቱንም ስስቱንም በአንድ በር ላይ ጎን ለጎን አቁሞለት ሳለ ፊልሙ አላየውም። ሰላሃዲን 1,000 ሰው በለቀቀ ወንድሙ አጠገብ ቢታይ ክብሩ አይቀንስም ነበር።

ፊልሙን የምታዩ ከሆነ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጀውን የዳይሬክተሩን ቅጂ ምረጡ፤ በአጭሩ ቅጂ የሲቢላ ልጅ ታሪክ ተቆርጦ ወጥቷል። ሕዝቡ ከከተማዋ ሲወጣ በሚታይበት ትዕይንት ላይ ስትደርሱም የሚከፈልላቸው አጥተው የቀሩትን አስቧቸው።