ያውቁ ኖሯል? የበረዶ ዶማ እጀታ ምን ይለብሳል?

የቀዘቀዘ ፏፏቴ ላይ ሁለት አጫጭር ዶማ ይዘው የሚወጡ ሰዎች፣ ከዶማው ይልቅ እጀታው ላይ ስለሚጠቀለለው ፕላስተር ሲከራከሩ እንደሚያመሹ ያውቁ ኖሯል? ዋጋው ከዶማው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ነገር ግን ሰውየውን ከበረዶው ጋር የሚያያይዘው ዶማው ነው፣ ዶማውን ከሰውየው ጋር የሚያያይዘው ደግሞ ያ ስስ ጥቅል። (ቴፕ እንዳንለው፣ ቴፕ በእኛ ቤት ካሴት ማጫወቻ ነው። ፕላስተር እንበለውና እንቀጥል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ ድሮ ይህ ክርክር እንዳልነበረስ? በ1786 ዣክ ባልማና ሚሼል ፓካር ሞን ብላን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደርሱ የያዙት ረጅም የእንጨት ዘንግ ነበር። የበረዶ ዶማ የሚባለው ከዚያ በኋላ ዘንግና መጥረቢያ ተጋብተው የወለዱት ነው። እንጨት የእጅን ሙቀት ቶሎ አይነጥቅም። ዛሬ ግን ዘንጉ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ አሉሚኒየም ደግሞ ሙቀትን ከጎማ በመቶዎች እጥፍ ፈጥኖ ያሳልፋል። ስለዚህ ፕላስተሩ ገና ምንም ሳይጨብጥ፣ እጅንና ብረትን በመለየቱ ብቻ ግማሽ ደመወዙን አግኝቷል።

ስኮትላንዳዊው ሀሚሽ ማኪንስ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ የበረዶ ዶማ ካስተዋወቁት ቀዳሚዎች አንዱ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? «ቴረርዳክትል» ብሎ የሰየመው አጭር ዶማው ቁልቁል ያዘነበለ ምንቃር ነበረው። በረዶ በመንከሱ የተመሰገነውን ያህል የጣት አንጓ በመፈንከትም ስም አውጥቷል። ዘንጉ ቀጥ ያለ ስለነበር ዶማው በተሰነዘረ ቁጥር ጣቶችም አብረው ግድግዳውን ይመታሉ። የዛሬዎቹ ዶማዎች ዘንግ የጎበጠው አንዱም ለዚያ ነው።

የዶማውን ምንቃር እንዲጎብጥ ካደረጉት ዋነኛው ደግሞ አንጥረኛ ነበር፤ በኋላ ፓታጎኒያ የተባለውን የልብስ ኩባንያ የመሠረተው ኢቮን ሹናርድ። በ1966 አልፕስ ላይ የዘመኑን ዶማዎች ሲሞክር ቀጥ ያለው ምንቃር ከበረዶው እየሾለከ ስላስቸገረው፣ ምንቃሩ ክንድ ሲሰነዘር የሚሠራውን ቅስት ተከትሎ መጉበጥ አለበት አለ። ይኸው ሰው በ1975 ከማይክል ኮቪንግተን ጋር የኬንያ ተራራን የበረዶ ቦይ በቀጥተኛው መንገድ ወጥቷል። ያንኑ ቦይ ግን ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1973፣ ፊል ስናይደርና ኬንያዊው ቱምቢ ማቴንጌ ቀድመው ወጥተውታል። የበረዶ ዶማ የፈረንጅ አገር ነገር ብቻ ነው ያለ ማነው?

እስከ 1990ዎቹ ድረስ የበረዶ ግድግዳ ወጪዎች ዶማውን በማሰሪያ ከእጅ አንጓቸው ጋር ያያይዙት እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? ጣት ሲደክም ማሰሪያው ክብደቱን ይሸከም ነበር፤ እጀታው ቢያሙለጨልጭም ያን ያህል ጉዳት የለውም። ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት ማሰሪያው እየቀረ መጣ። እጅን ነጻ ማድረግ፣ ዶማ ከእጅ ወደ እጅ ማቀያየር ተወደደ። በማሰሪያው ፈንታ እጀታው ግርጌ ላይ የመዳፍን ጠርዝ የሚያሳርፍ ወጣ ያለ ድጋፍ ተሠራ። ማሰሪያው ይሸከመው ከነበረው ክብደት ብዙው ጣት ላይ ወደቀ። ፕላስተር ቁም ነገር የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ጥሩ ፕላስተር ዶማን አጥብቆ ለመያዝ የሚረዳ ይመስልዎታል? የሚፈለገውስ ላላ አድርጎ ለመያዝ ነው። እጀታው የሚያሙለጨልጭ ሰው ሳይታወቀው ያንቃል፤ ሲያንቅ ክንዱ ይዝላል፣ ከራሱ በላይ የተዘረጋው እጁ ደም ያጥረዋል፣ ጣቱ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት መያዙን ስለማያውቅ ደግሞ ይብሱን ያንቃል። ከዚያ ማረፊያ ላይ ደርሶ እጁን ቁልቁል ሲያወርድ ደሙ ተመልሶ ይሞላል፤ ይሄኔ ነው ጉዱ። ሕመሙ ጎልማሳውን አስጎንብሶ ያስጮኸዋል፣ አንዳንዱንም ያስመልሰዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ወጪዎች ያወጡለት ስም ወደ እኛ ሲመለስ «አስጯሂ አስታዋኪ» እንደ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ መጨበጥ ነው፣ ቀስ ብሎ ለመጨበጥ ደግሞ የማይከዳ እጀታ ያስፈልጋል።

ሱቅ ውስጥ በባዶ እጅ ሲጨብጡት ከሁሉ የሚጥመው ፕላስተር፣ ገደሉ ላይ ከሁሉ የባሰው ሊሆን እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? የቴኒስ ራኬት ላይ የሚጠቀለለውን ልስልስ ይውሰዱ። የተፈጠረው ላብ ለመምጠጥ ነው። የቀዘቀዘ ፏፏቴ ግን ብዙውን ጊዜ ውስጡ ውሃ ይፈሳል፣ ያንጠባጥባል። ኮሎራዶ ውስጥ ዩሬይ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው የበረዶ መውጫ ፓርክ እንዲያውም ሰው ሠራሽ ነው። በገደሉ አፋፍ በተዘረጋ ቧንቧ ውሃ እየተረጨ ግድግዳው በረዶ ይለብሳል፤ ከ150 የማያንሱ መውጫ መንገዶች አሉት። እንዲህ ያለ ቦታ መጣጭ ነገር ይዞ መሄድ ስፖንጅ ይዞ እንደ መሄድ ነው። የጠጣው ውሃ ብዙም ሳይቆይ ይረጋል።

የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ዱላቸው ላይ የሚጠቀልሉት የጥጥ ጨርቅ ፕላስተርም ዘመዱ ነው። ርካሽ ነው፣ በየስፖርት ሱቁ ይገኛል፣ ደረቅ ብርድ ላይ አይታማም። ሲረጥብ ግን ያው ጨርቅ ነው። ካላመኑ ማእድ ቤትዎ ውስጥ ይሞክሩት። የሁለት ማንኪያ እጀታ ያዘጋጁ፤ አንዱን በጨርቅ ፕላስተር፣ ሌላውን በጎማነት ባለው ነገር ይጠቅልሉ። ሁለቱንም ውሃ ውስጥ ነክረው ፍሪዘር ይክተቱና ከአንድ ሰዓት በኋላ ያውጧቸው። የጨርቁ ድርና ማጉ ውስጥ የገባው ውሃ ረግቶ እንደ ብርጭቆ ይለሰልሳል፤ አውራ ጣትዎን ሲያሳርፉበት ይንሸራተታል። በጎማው ላይ ያለው በረዶ ግን ላይ ላዩን ስለተቀመጠ ጫን ሲሉት ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። የወጪዎቹ የዓመታት ክርክር ባጭሩ ይኸው ነው።

ሙጫ የሌለው ፕላስተር እንዳለስ ያውቁ ኖሯል? ከሲሊኮን የተሠራ፣ ከራሱ በቀር ከምንም ጋር የማይጣበቅ። ቧንቧ ጠጋኞች የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ያፍኑበታል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ ይሸፍኑበታል። ተለጥጦ ሲጠቀለል ንብርብሩ እርስ በርሱ ይዋሐዳል፤ በማግሥቱ ጫፉን ቢፈልጉ አያገኙትም። ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ላይም አይደርቅም፣ ውሃ አይጠጣም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለእርጥብ በረዶ ከዚህ የሚሻል የለም። ዓመሉ አንድ ነው፤ ስለት ትንሽ ከነካው ተተርትሮ ይቀደዳል። የጫማ ብረት ሹል ባለበት ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ስለት አይጠፋም።

ገንዘቡ ካነሰስ? የአሮጌ ብስክሌት ካላማዳሪ! በልጅነታችን ወንጭፍ የሠራንበት ያው የውስጥ ጎማ ተቆርጦ ዘንጉ ላይ እንደ ካልሲ ይለበሳል። መልኩ አያምርም እንጂ ይሠራል። የስኬትቦርድ አሸዋማ ወረቀት ግን ተዉት ባይ ነኝ። አጥብቆ ይይዛል፣ ነገር ግን የያዘውን ጓንት እየፈጨ ነው። አንድ ጓንት ከብዙ ጥቅል ፕላስተር ይበልጥ ያስወጣል።

ጥቅሉ ከየት መጀመር እንዳለበትስ? የሣር ጎጆ የከደነ ሰው ጥያቄው አያስቸግረውም፤ ከታች። የላይኛው ዙር የታችኛውን በግማሽ ሲደርበው ጠርዞቹ ሁሉ ቁልቁል ያያሉ። እጅም ውሃም ሲንሸራተቱ የሚያደናቅፋቸው ጠርዝ የለም። ከላይ ወደ ታች የጠቀለለ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ጠርዙ ተገልብጦ ይንከባለልበታል። ሌላው የባለሙያ ነገር ቦታው ነው፤ ሙጫ ያለው ፕላስተር ብርድ ላይ ስለሚደርቅ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ፣ ዘንጉ በአልኮል ተጠርጎ ነው የሚጠቀለለው። መኪና ማቆሚያ ላይ፣ በደነዘዘ ጣት የተጠቀለለ ፕላስተር የመጀመሪያው የገመድ ርዝመት ተወጥቶ ሳያልቅ ይፈታል።

የሆኪ ተጫዋቾች ፕላስተሩን አስቀድመው እንደ ሲባጎ ገምደው ዱላው ላይ በጠመዝማዛ እንደሚያስሩና ከላዩ ሌላ ንብርብር እንደሚያለብሱት ያውቁ ኖሯል? እንደ ቦረቦር ያለ ሸንተረር ይወጣል፤ ጣት የሚያርፍበት ያገኛል። ለዶማም ይሆናል። ግን አይብዛ። ወፍራም ጓንት ያደረገ እጅ ወፍራም እጀታ ሲጨመርበት መዝጋት ያቅተዋል፣ ያ ሁሉ የሸሸነው ማነቅ በሌላ በር ይገባል። ረጅም ተራራ የሚወጡ ደግሞ የዘንጉን ወገብ ጨርሶ ባያለብሱት ይመርጣሉ፤ ልል በረዶ ላይ ዘንጉን እንደ ካስማ መትከል አለባቸውና፣ የተጠቀለለ ዘንግ አልገባም ይላል።

የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ፣ በተለይ ለጎልፍ ጓንት፣ ተፈላጊ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? የበረዶ ወጪዎች ጓንት መዳፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍየል ቆዳ ነው። ቆዳ ከሲሊኮን ጋር ሲገናኝ እርጥብ ሆኖም ይይዛል። ስለዚህ ፕላስተር ሊገዙ ሲሄዱ ጓንትዎን አይርሱ፤ በባዶ እጅ የተመረጠ ፕላስተር በባዶ እጅ ለሚወጣ ሰው ነው።

በብዙ ዶማዎች ላይ የተቀረጸችው ፊደል፣ ቢ ወይም ቲ፣ የጥንካሬው ደረጃ ምልክት መሆኗንስ? ቲ የበለጠውን ጫና የሚችለው ነው። ብዙ ሰው ግን እሷኑ በፕላስተር ሸፍኖ ይረሳታል። በዓመት አንድ ጊዜ ጥቅሉን ፈትቶ ዘንጉን ማየት ያስፈልጋል፤ ከሥሩ የታሰረ እርጥበት ብረት ይበላል፣ ስንጥቅም ቢኖር አይታይም። ሲሊኮኑ አይፈታም፣ ይቆረጣል። ዘንጉ ካርቦን ፋይበር ከሆነ ቢላዋውን አስቀምጠው ጫፈ ድፍን መቀስ ይጠቀሙ።

የቀረው ቀለም ነው። ብርቱካናማና ደማቅ ቢጫ ያለ ምክንያት አይሸጡም። ከእጅ ያመለጠ ዶማ ከግድግዳው ሥር ባለው ልል በረዶ ውስጥ ተተክሎ ብቅ የሚለው እጀታው ብቻ ነው። ነጭ የጠቀለለ ሰው በረዶው እስኪቀልጥ ይጠብቃል።