ከኩዌት ቦሌ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የትኬትሽን ሰዓት እንዳትሳሳቺ

እህቴ፣ ለእረፍትም ይሁን ኮንትራት ጨርሰሽ ወደ አገር ልትገቢ ነው እንበል። ትኬቱ ተቆርጧል፣ ሻንጣው ታስሯል፣ ቤተሰብ ደግሞ «ስንት ሰዓት ቦሌ እንጠብቅሽ?» እያለ ይደውላል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ርቀቱና የበረራው ጊዜ

ከኩዌት ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ ቦሌ በቀጥታ መስመር 2,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥታ በረራ 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በነፋሱና በሚሄድበት መስመር ምክንያት ትንሽ ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል። ኩዌትና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ ስለዚህ የእጅ ሰዓትሽን መቀየር የለብሽም።

በዱባይ ትራንዚት ካለሽ ግን መንገዱ ወደ 3,370 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ የምትጠብቂበት ጊዜም ይጨመርበታል። ዱባይ ከኩዌት በ1 ሰዓት ይቀድማል። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ስለሆነ፣ እዚያ በኩዌት ሰዓት ከሄድሽ ሁለተኛው በረራ ሊያመልጥሽ ይችላል።

ትልቁ ስህተት፦ የሌሊት በረራ

ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ቀኑ የሚቀየረውም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ትኬትሽ «ዓርብ 02:10» ይላል እንበል። ይህ ማለት ሐሙስ ማታ አልፎ ከሌሊቱ 8:10 ነው። ዓርብ ማታ ሻንጣሽን ይዘሽ ብትሄጂ አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቷል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፦

- ከ00:00 እስከ 06:59 ከሆነ 6 ደምሪ። 02:10 ከሌሊቱ 8:10 ነው።
- ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ቀንሺ። 14:00 ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።
- ከ19:00 እስከ 23:59 ከሆነ 18 ቀንሺ። 22:00 ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።

ከቤት መቼ ትወጫለሽ?

ኤርፖርት ከበረራው 3 ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ። ለዓርብ 02:10 በረራ፣ ሐሙስ ከምሽቱ 5:10 እዚያ መሆን አለብሽ። ኤርፖርቱ ያለው ፈርዋንያ በኩል ነው። ጃህራ ወይም ፋሃሂል ከሆንሽ መንገዱ ስለሚርቅ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ብትነሺ ይሻላል። ተርሚናሉንም ከትኬትሽ ላይ እዪ፤ የኩዌት ኤርዌይስ ተርሚናል 4፣ የጀዚራ ደግሞ ተርሚናል 5 ነው።

ኤርፖርት የሚያደርስሽ ማዳም ወይም ሾፌር ከሆነ፣ «ሐሙስ ማታ ነው የምንሄደው» ብለሽ ቀኑን አስቀድመሽ አስረጂ።

ለቤተሰብም እንዲህ በያቸው፦ «ዓርብ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ቦሌ አርፋለሁ። ፓስፖርትና ሻንጣ ስለሚያቆየኝ 1 ሰዓት ጠብቁኝ።» ትኬቱ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ስለሆነ፣ ወደ እኛ ቀን ቀይረሽ ንገሪያቸው።

ትኬትሽን ዛሬውኑ አውጥተሽ ሰዓቱን አስዪ። ከተጠራጠርሽ፣ ቀኑ ሳይደርስ ትኬቱን የቆረጠልሽን ቢሮ ጠይቂ። መልካም ጉዞ!