መተማና ጋላባት፤ መንገድ ያቆማቸው ሁለት ከተሞች

በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስለ አካባቢ ታሪክ ትምህርት ስሰጥ፣ ሠልጣኞቹን «የተወለዳችሁበት ቀበሌ ምን ታሪክ አለው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ከመተማ የመጣ አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ «የእኛ አገር ታሪክ የአንድ ቀን ነው፤ አፄ ዮሐንስ ወደቁ፣ አለቀ» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። ልጁ ግን አላጠፋም፤ ያስተማርነው እንደዚያ ነውና። ይህ ጽሑፍ ከዚያች ቀን በፊትና በኋላ የነበረውን ሕዝብ ባጭሩ ለማስታወስ የቀረበ ነው። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

መተማ ዮሐንስ ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በገንዳ ውሃ በኩል ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ጫፍ ላይ የምትገኝ የጠረፍ ከተማ ናት። ትንሽ ወንዝ ሲሻገሩ የሱዳኗ ጋላባት ትገኛለች። መንገዱም ከዚያ ተነሥቶ በዶካ አድርጎ ገዳሪፍ ይገባል።

ለመሆኑ ሰው በዚህ ሐሩር አገር ለምን ሰፈረ? ምክንያቱ የጭነት ከብት ጠባይ ነው። ግመል ለሜዳ የተፈጠረ በመሆኑ የደጋውን ዳገትና ብርድ አይችልም። በቅሎና አህያ በበኩላቸው ዳገቱን ይወጣሉ እንጂ የቆላው ሙቀትና በሽታ ይጎዳቸዋል። ስለዚህ ከሜዳው የመጣው ነጋዴና ከደጋው የወረደው ነጋዴ የሚገናኙበት፣ ጭነትም የሚለዋወጡበት ስፍራ አስፈለገ። ያ ስፍራ መተማ ሆነ። ቡናው፣ ሰሙና በቅሎው ከደጋ ይወርዳል፤ ጥጡና ሸቀጡ ከቆላ ይወጣል። በዚያ ዘመን ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት እንደነበር መሸሸግ አይገባም።

ገበያውን ያቀኑት ተክሩር የሚባሉት ሙስሊሞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው ምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ወደ መካ ሲመላለሱ በመንገድ የቀሩ ናቸው። ስለዚህ የከተማይቱ መሥራቾች ራሳቸው መንገደኞች ነበሩ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በደረሰበት ጊዜ ሹማቸው ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብር ነበር። በሁለት ኃይለኞች መካከል የሚኖር ሕዝብ ለሰላሙ ሁለት ጊዜ ይከፍል ነበር።

ይሁን እንጂ ሁለት ጊዜ መገበርም አላዳነውም። በ1876 ዓ.ም. በአድዋ በተደረገው ውል መሠረት አፄ ዮሐንስ በማህዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ፤ የጋላባቱም ጦር በዚሁ መንገድ ወጣ። በዚህም ከማህዲስቶች ጋር ጠብ ተጫረ። በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወርደው ከተማይቱን አጠፉ። በማግሥቱ ዓመት አቡ አንጃ የተባለው የማህዲስቶች አዛዥ በዚያው መንገድ ወጥቶ ጎንደርን አቃጠለ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በመተማ ተዋጉ፤ ድሉ ወደ እጃቸው ሊገባ ሲል በጥይት ተመተው ሞቱ። የጦርነቱን ዝርዝር መጻሕፍት ስለሚያስተምሩ እዚህ አንገባበትም። ልብ የምንለው ግን፣ ቅፍለት የሚመጣበት መንገድ ጦርም እንደሚመጣበት ነው።

በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና እንግሊዝ ባደረጉት የወሰን ውል ድንበሩ በወንዙ ላይ ሆነ። በወንዙ ማዶና ማዶ ሁለት ባንዲራ ተተከለ። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ጋላባትን ያዙ፤ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በብሪጋዴር ስሊም የሚመራው የእንግሊዝና የሕንድ ጦር መልሶ አጠቃ። በዚህም ጊዜ የከተማው ሰው የሌላ አገር ጦርነት ባለ ዕዳ ሆነ።

ከጦርነቱ ወዲህ የመንገዱን ሰው የለወጠው እርሻ ነው። ገዳሪፍ በ1920 ዓ.ም. ገደማ ባቡር ገብቶላት ስለነበር፣ በ1930ዎቹ ማለቂያ የትራክተር እርሻ ተጀመረባት፤ በኋላም የማሽላና የሰሊጥ አገር ሆነች። በመተማም በኩል ሰሊጥና ጥጥ ተስፋፋ። በአጨዳ ወራት ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ይወርዳል፤ ከፊሉም ድንበር ተሻግሮ እስከ ገዳሪፍ ይዘልቃል። ይህ ሰው በረንዳና ሜዳ ላይ ስለሚያድር፣ ከገንዘቡ ጋር ወባን ወይም በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን ካላዛር ይዞ የሚመለስበት ጊዜ አለ። በክፍላችን ውስጥ አባቱ ወይም ወንድሙ ሳሉግ የሆነ ተማሪ እንዳለ መምህሩ ማወቅ ይገባዋል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንን ወደ ገዳሪፍ አካባቢ ሰደደ። ኡም ራኩባ በተባለው መጠለያ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በረኀብና በበሽታ አለቁ፤ የተረፉት በዚያው ዓመት ከኅዳር ጀምሮ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ይኸው መጠለያ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ለሸሹት ዳግመኛ ተከፈተ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ግን ጉዞው ተገለበጠ፤ ሱዳናውያንና በሱዳን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በጋላባት አድርገው ወደ መተማ ገቡ። ትናንት ያስጠለለ ዛሬ መጠለያ ፈላጊ ሆነ።

እንግዲህ የመተማ ታሪክ የአንድ ቀን አይደለም። ተክሩሩ፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ሳሉጉና ስደተኛው በየተራ ያለፉበት፣ ከየአንዳንዳቸውም ጥቂቱ የቀረበት የመንገድ ታሪክ ነው። መምህራን ሆይ፣ ይህን ትምህርት በየአካባቢያችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ተማሪዎቻችሁ በመንገድ ዳር ባለችው መንደር አንድ አረጋዊ ይጠይቁ፤ መጀመሪያ የሰፈረው ማን ነው? ከየት መጣ? ምን ይዞ? መንገዱ ሲዘጋ ሰው በምን ይኖራል? መልሱን ጽፈው በክፍል ያንብቡ።

ያ ወጣት ለዕረፍት አገሩ ሲሄድ ይህንኑ አደረገ። የአያቱ አባት በወጣትነታቸው የበቅሎ ነጋዴ እንደነበሩ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።