የስድስት ወር መንገድ በጋይንት በኩል

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ገና ብዕሩን ሲያነሣ አንባቢው ቀድሞት መቅደላ ደርሷል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ እዚያ ራሳቸውን እንደገደሉ ልጅ አዋቂው ያውቃል። «መጨረሻው ምን ይሆን?» የሚያሰኝ ጉጉት ከሌለ ታዲያ ልብ የሚሰቀለው በምንድን ነው?

ፍልስጤማዊው ደራሲ ገሳን ከናፋኒም ይኸው ጥያቄ ነበረበት፤ የ1948ቱን መፈናቀል የማያውቅ አንባቢ አልነበረውም። በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ሰዎች በፀሐይ ውስጥ» ሦስት ስደተኞች በባዶ የውሃ ቦቴ ተደብቀው ኩዌት ሊገቡ ይነሣሉ። በመጀመሪያ ትረካው በምልሰት ይሄዳል፤ የጠፋ መሬት፣ የተለዩት ቤተሰብ፣ ብዙ ዓመት በጥቂት ገጽ። ኬላው ሲደረስ ግን የዓመቱ ቆጠራ ቀርቶ ደቂቃ ይቆጠራል። ሹፌሩ ከሰባት ደቂቃ አይበልጥም ብሏቸዋል። የኬላው ሠራተኛ በቀልድ ያቆየዋል፤ ሦስቱም ቦቴው ውስጥ ታፍነው ያልቃሉ። ከናፋኒ ሲሞቱ አያሳየንም። የሚያሳየን ቢሮው ውስጥ የሚባክነውን ጊዜ ነው፤ እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የምፈራው ያን ቢሮ ነው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጊዜ ያለው ጋይንት ላይ ነው። ቴዎድሮስ በመስከረም 1860 መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሡ። ጋፋት የተሠራውን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ በጋይንትና በቤተ ሆር አልፈው፣ የዥጣን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። መንገዱ ድንጋይ እየተፈለጠ የተሠራ ነው፤ ንጉሡም በእጃቸው ይሠሩ ነበር። ለቀን ቢካፈል ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚያው ወራት የእንግሊዝ ጦር ዙላ ወርዶ ከሰሜን ይመጣል። ደራሲው ሁለቱን ጉዞ እያፈራረቀ ቢተርክ፣ ጎታቹ የማያውቀውን አንባቢው ስለሚያውቅ እያንዳንዱ የጋይንት ዳገት ያስጨንቃል።

ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» ስለ ንጉሡ ጽፈዋል። እኔን የሚናፍቀኝ የገመድ ጎታቹ ታሪክ ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሽማግሌ ያለፈውን ሲያወጋ «በጣሊያን ጊዜ»፣ «በክፉ ቀን» ይላል እንጂ ዓመተ ምሕረት አይጠራም። ከጉና ሥር የወጣ አንድ ጎታች ብናስብ፣ እሱም ጊዜውን የሚያውቀው በማሳው ነው፦ ሲነሣ ገብሱ እሸት ነበር፤ ገመዱ ትከሻው ላይ እንዳለ አጨዳው አለፈ፤ ማን እንዳጨደለት አያውቅም።

ይህን የሚጽፍ የአገሩ ልጅ ይነሣ። መንገዱን በእግሩ ይሂድበት፣ ሽማግሌ ይጠይቅ። ለሚያዝያ 6 አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ በስድስቱ ወር ግን አይቸኩል።